የእትዬ ባለጆሮ ጉልበት

የአውቶቡስ ጣቢያ ትኬት መስኮት ለንባብ የሚመች ቦታ ነው። አውቶቡስ እስኪገባ አንድ ሁለት ገጽ ይነበባል፤ ሲገባ ደግሞ መጽሐፉ ይታጠፍና ሰው ይነበባል። በትምህርት ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ የቀረውን ፈጣሪ በዚህች መስኮት በኩል አስተምሮኛል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ነው። ወንዝ ማዶ የሚሄደውን አውቶቡስ የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ከመስኮቴ ፊት ለፊት ባለው የብረት አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ እንቅልፍ ጣላቸው። አዲስ የገዙትን የውሃ እንስራ በገመድ አስረው የወንበሩ እግር ላይ አስደግፈውታል። ትንሽ ቆይቶ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ሁለት እንስራ ይዘው መጡና አጠገባቸው ተቀመጡ።

ሴትየዋ እጃቸው ዝም ብሎ መቀመጥ አይችልም። በመሀል ጣታቸው አንጓ የአዛውንቱን እንስራ ሆድ ኳ! አደረጉት። ፊታቸው ተለወጠ። ደገሙት። ከዚያ ግራ ቀኝ አዩና አዛውንቱን እንዳይቀሰቅሱ እየተጠነቀቁ ገመዱን ፈትተው ከራሳቸው እንስራዎች አንዱ ላይ አሰሩት። መጠኑም ቅርጹም ያው ነው። የአዛውንቱን እንስራ ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው ቀና ሲሉ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ሌባ ያዝኩ ብዬ አፌን ልከፍት ስል ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው ዝም አሰኙኝ።

አውቶቡሱ ጥሩምባውን ሲነፋ አዛውንቱ ብድግ አሉ። እንስራውን አነሱና ቆም ብለው አዩት።

«ይቺ ነገር ከበደችኝሳ!»

«እንቅልፍ ነው አባባ። ሰው ሲያንቀላፋ ዕቃው ይከብደዋል» አሉ ሴትየዋ፣ ፈገግ እንኳ ሳይሉ።

«እሱስ ልክ ነሽ። ተባረኪ» ብለው ገቡ።

አውቶቡሱ እንደወጣ መስኮቴን ዘግቼ ሄድኩባቸው። «እትዬ፣ ምን ሲያደርጉ ነበር?»

«የገዙት ስንጥቅ አለው። በዓይን አይታይም፣ በጆሮ ግን ይሰማል። ቤት ወስደው ውሃ ቢሞሉበት ወለሉ ባሕር ነው የሚሆነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሯቸውም?»

«ብነግራቸው ወይ ይከራከሩኛል ወይ ያዝናሉ። ተኝተው ሳለ ካለቀ ማን ተጎዳ?»

«እርስዎ ተጎዱ እንጂ!»

«እኔማ ነገ ሌላ እሠራለሁ» አሉና በጭቃ የተሰነጣጠቀ እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉ።

እንዲህ ነው የተዋወቅነው። ገበያው ሁሉ «ባለጆሮ» ይላቸዋል። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሰው የገዛውን ሸክላ ቤት ከመውሰዱ በፊት እሳቸው ጋ አምጥቶ ያስመታ ነበር። ኳ አድርገው ሰምተው «ደህና ነው» ካሉ ደህና ነው፤ «መልሰው» ካሉም ሻጩ ሳይሟገት ይመልሳል። ሌሎቹ ሸክላ ሠሪዎች ባይወዷቸው አይፈረድባቸውም።

በየሳምንቱ ወንዝ ማዶ ላሉ ደንበኞቻቸው ዕቃ በአውቶቡስ ለመላክ ይመጡ ስለነበር ታሪካቸውን ቁርጥራጭ ቁርጥራጩን፣ በሁለት አውቶቡስ መሀል በሚተርፍ ጊዜ ሰማሁት። ሙያውን የተማሩት ከእናታቸው ነው። እናታቸው ከአያታቸው፣ አያታቸው ከቅድመ አያታቸው። ጭቃው ብቻውን በእሳት ስለሚፈነዳ የተሰበረ አሮጌ ሸክላ ተፈጭቶ ይገባበታል። እናም የአያታቸው እንስራ ሲሰበር ተፈጭቶ በእናታቸው እንስራ ውስጥ ገባ፤ የእናታቸውም በእሳቸው ውስጥ።

«ስለዚህ አንድ እንስራ ስሸጥልሽ አያቴን ጨምሬ ነው የምሸጥልሽ። ዋጋ አትቀንሺ» ይሉኝ ነበር እየሳቁ።

ልጆቻቸው ሙያውን አልፈለጉትም። ጎረቤት «የጭቃ ልጆች» እያለ ሲያበሽቃቸው አድገው አንዱ ግንበኛ፣ አንዷ ነርስ ሆኑ። ጀሪካንም መጣ። የመንደሩ ሸክላ ሠሪዎች አንድ በአንድ አረፉ ወይም ተዉት። እንደ ሰው ቁመት የሚሆነውን ትልቁን ጋን መሥራት የሚችል ከእሳቸው በቀር አልቀረም። ምስጢሩ ያለው መድረቁን በማወቅ ላይ ነው። ሸክላ ከላይ ደርቆ ከውስጥ እርጥብ ሆኖ እሳት ከገባ ይፈነዳል። እሳቸው ኳ ያደርጉትና፣ ገና ከሆነ «ተኝቷል» ይላሉ፤ ከደረሰ «ተነስቷል»።

ከዕለታት አንድ ቀን መስኮቴ ላይ ደረሱና «ዕቃው በስንት ሰዓቱ አውቶቡስ ይላክልዎ?» ብላቸው «ደህና ናቸው፣ ሰላም ይሉሻል» አሉኝ። ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ፊታቸውን አየሁት። አልሳቅሁም።

«አዎ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሐኪሙ የቀኙ ጆሮ አልቋል፣ የግራውም መንገድ ጀምሯል ብሎኛል። መሣሪያ ቢገባልኝ ንግግር ይመለስ ይሆናል እንጂ ቀጭን ድምፅ አይመለስም አለኝ። የኔ ሥራ ደግሞ ቀጭኑ ድምፅ ነው።»

ይህን የነገሩኝ አንድ ደብዳቤ ከቦርሳቸው እያወጡ ነው። የሙያ ማሠልጠኛው የጥንት ዕውቀት እንዳይጠፋ ብሎ አሥር ተማሪ መዝግቧል። አስተማሪዋ እሳቸው ናቸው።

«ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ሰው ‹አስተምሪኝ› እንዲለኝ ለምኜ፣ አሥር ሰው ጆሮዬ ሊዘጋ ሲል ሰጠኝ። እግዜር ሲሰጥ ሰዓት አይመርጥም። ብቻ ሳይዘጋ ላስረክብ። ሌላ አልፈልግም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስጸልይ የእሳቸውን ጆሮ ማንሳት አልረሳሁም።

ማሠልጠኛው ጥሩ አቀባበል አደረገላቸው። ኃላፊው ጎልማሳና ቅን ሰው ነው። ካሜራ አስመጥቶ እጃቸውን ከየአቅጣጫው አስቀረጸ። («እጄን እንደ ሙሽራ ኳሉት እኮ!» አሉኝ።) ደግሞም «እንዲህ ያለ ሙያ መሬት ላይ ተቀምጦ አይሠራም፤ ክብር ይገባዋል» ብሎ የሚያብረቀርቁ የብረት ጠረጴዛዎች ገዛ። ከተማሪዎቹ አንዷ ፀጉር ሠሪዋ የእህታቸው ልጅ ናት። አንዱ ደግሞ ታክሲ ሾፌር ነው፤ ሟች እናቱ ሸክላ ሠሪ ነበሩና አንድ ቀን እንኳ ስላላገዛቸው ይቆጨዋል።

የመጀመሪያው ወር ሲያልቅ አሥራ ሁለት እንስራ ደረቀ። ተማሪዎቹ ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጡ ኳ አደረጉ። እትዬ ባለጆሮ ራሳቸውን እየነቀነቁ «ተነስቷል፣ ተነስቷል» አሉ። እሳት ገባ። ገና እሳቱ ሳይግም እንደ ፈንዲሻ ይንጣጣ ጀመር። ከአሥራ ሁለቱ የተረፈው አንድ ነው፤ እሱም የሾፌሩ፣ ሆዱ ወደ አንድ ጎን የተንጋደደው።

«የኔ ስለምታስቀይም እሳቱም ተጸየፋት» ብሎ ሾፌሩ ሊያስቅ ሞከረ። ማንም አልሳቀም።

ኃላፊው ሰው አልተቆጣም፤ ተከዘ እንጂ። ሁለት ወር ሰጣቸው። በዚያ ካልሆነ ክፍሉ ለስልክ ጥገና ሥልጠና ይሰጣል፣ የአለቆቹ ትእዛዝ ነው።

ይህን የነገረችኝ የእህታቸው ልጅ ናት። እሳቸው መስኮቴ ላይ ሁለት ሳምንት አልታዩም። በሦስተኛው ሳምንት ያረፍኩበት ቀን ሄድኩ።

ቤታቸው አንድ ክፍልና አንድ ጠባብ ግቢ ነው። በር ላይ ባለች ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እጃቸው ንጹሕ ነበር። ያን ያህል ንጹሕ እጃቸውን አይቼ አላውቅም።

«ታመው ነው?» አልኩ ጮክ ብዬ።

«አልታመምኩም፣ አፍሬ ነው። እነዚያ ልጆች ኳ ሲያደርጉ እኔ ምን እሰማ እንደነበር ታውቂያለሽ? የብረት ጉምጉምታ ብቻ። አልሰማሁም ማለት አፈርኩና ራሴን ነቀነቅሁ። አሥር ሰው አምኖኝ እኔ ዋሸሁት። አሁን ክፍሉ ቢዘጋ የጆሮዬ አይደለም ጥፋቱ፣ የኩራቴ ነው።»

ዓይኔን ግቢው ውስጥ ሳንከራትት፣ ማዕዘኑ ላይ መጥረጊያና የእንጨት ማማሰያ የተሰካበት እንስራ አየሁ። አወቅሁት።

«ያ የአዛውንቱ አይደል?»

«እሱ ነው። ስንጥቅ ነውና ውሃ አይይዝም፣ መጥረጊያ ይያዝ ብዬ ነው። ነይ ላሳይሽ ስንጥቁ የት እንዳለ፤ እሱን እንኳ ጣቴ አይረሳም።»

እንስራውን አመጡትና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። መጥረጊያውን አወጡ። ማማሰያውን አወጡ። ሆዱን በሁለት ጉልበታቸው ያዝ አድርገው በመሀል ጣታቸው አንጓ ኳ አደረጉት።

እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

እንደገና ኳ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንደገና።

«ምን ሰሙ?» አልኩ።

«ምንም አልሰማሁም» አሉ። «ውሃ አምጪ።»

አፉ ድረስ ሞላነው። መሬት ላይ አሮጌ ጋዜጣ አነጠፉና እላዩ ላይ አቆሙት። ተቀምጠን ጠበቅን። እኔ መጽሐፌን አወጣሁ፣ አንድ መስመር አላነበብኩም። ሦስት ሰዓት ያህል ቆይተን ከፍ ሲያደርጉት ጋዜጣው ከመደብር እንደወጣ ደረቅ ነው።

«ደህና እንስራ ነው» አሉ። «ጉልበቴ ነው የነገረኝ። ስመታው ንዝረቱ ዙሪያውን ዞሮ ወደ ጭኔ ተመለሰ፤ ስንጥቅ ቢኖር መሀል መንገድ ላይ ይቀር ነበር። ያን ቀን ጣቢያው ላይ ግን በጆሮዬ ነው የፈረድኩበት፤ እሱም የወንበሩ ብረት ላይ ተደግፎ ሳለ። የሰማሁት የብረቱን መንቀጥቀጥ ነበር። ልጆቹም ጋ ብረት፣ ጠረጴዛው!»

ከዚያ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። የሚያለቅሱ መሰለኝ። እየሳቁ ነበር።

«እናቴ ምን ትለኝ እንደነበር ታውቂያለሽ? ‹ታቅፈሽ አድምጪ።› መሬት ላይ አስቀምጬ ከመታሁ እጄን በጥፊ ታጮለኝ ነበር። እንዳልሰብርባት የምትሳሳ መስሎኝ! ስልሳ ዓመት ሙሉ ጭኔ ላይ አድርጌ ስመታ፣ የሚሰማው ጆሮዬ ነው ብዬ እየኮራሁ፣ ሰውም ባለጆሮ እያለኝ... ለካ ጉልበቴ ኖሯል የሚሠራው፣ ጆሮዬ ስሙን እየወሰደ!»

በማግስቱ ጧት ማሠልጠኛው ሄዱ። እኔም ለሥራ ባልደረባዬ መስኮቴን አደራ ብዬ ተከተልኩ። በመጀመሪያ ተማሪዎቹን አስቀምጠው እውነቱን ነገሯቸው። «ጆሮዬ አይሰማም። ያኔም አልሰማም ነበር። ይቅር በሉኝ።» የእህታቸው ልጅ ተነስታ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል ገፋ አደረጓት። «ተይው፣ እሱ ሥራ አለበት!»

ጠረጴዛዎቹ ወደ ግድግዳ ተገፉ። ሁሉም መሬት ላይ ተቀመጠ። ከዚያ እትዬ ባለጆሮ አንድ ጥቅል ጥጥ አወጡና አደሉ።

«ምን እናድርገው እትዬ?» አለ ሾፌሩ።

«ጆሮህ ውስጥ ክተተው።»

«ታክሲ ውስጥ ቢሆን ኖሮ እንዴት ጥሩ ነበር! የስንቱን ተሳፋሪ ንዝንዝ...»

«አሁን የምታወራውን እኔ አልሰማም፣ እነሱም አይሰሙህም። ዝም ብለህ ኳ አድርግ።»

ሦስት እንስራ በየተራ በተማሪዎቹ ጭን ላይ ተዘዋወረ፤ አንዱ ትናንት የተሠራ፣ አንዱ የሳምንት፣ አንዱ ፍጹም የደረቀ። መጀመሪያ ላይ ማንም ምንም አልገባውም። ሾፌሩ እግሬ ደነዘዘ እያለ አጉረመረመ። ወደ ምሳ ሰዓት ግን የእህታቸው ልጅ ድንገት ጮኸች፤ ጆሮዋ ተደፍኖ ስለነበር ጩኸቷ ግቢውን አናጋው።

«ይሄኛው ተኝቷል! ጭኔ ላይ እንደ ድንጋይ ነው! ይሄኛው ግን... ይሄኛው ይነዝራል!»

እትዬ ባለጆሮ ሁለቱን ተቀብለው ጭናቸው ላይ ሞከሩ። ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚህኛው ጊዜ እውነት ነበር። ከእሳቸው ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ተገኘ ማለት ነው። እኔ በር ላይ ቆሜ ተመስገን አልኩ። በሳምንቱ መጨረሻ ሁሉም ለዩት፤ የመጨረሻው ሾፌሩ ነበር፣ ገብቶት ሲያበቃ ግን በየመንገዱ ያገኘውን ሸክላ ሁሉ ካልታቀፍኩ ይል ጀመር።

የፈነዱት አሥራ አንዱ እንስራ አልተጣሉም። ስብርባሪያቸው ተፈጨና አዲሱ ጭቃ ውስጥ ገባ። ከእሱም አሥራ ሁለት እንስራና አንድ ትልቅ ጋን ተሠራ። ጋኑን የሠሩት ተማሪዎቹ ናቸው፤ እትዬ ባለጆሮ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይዞሩት ነበር። ሁለቱ ወር ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው ሁሉም «ተነስቷል» ተባለ። ኃላፊው «ቀኑ ደርሷል፣ ጋኑን ብንተወውስ?» ቢላቸው «ጋኑ ከሌለ ምኑን አስተማርኩ?» አሉት።

እሳቱ የተቀጣጠለው በማሠልጠኛው ግቢ ውስጥ ነው። የጎረቤት ሰው ሁሉ አጥር ላይ ተንጠላጥሎ ያያል። ሁላችንም የምንጠብቀው ያንን የፈንዲሻ ድምፅ ነበር። እንጨቱ ይንጣጣል፣ ሰው ይደነግጣል። እትዬ ባለጆሮ ብቻ ምንም ስለማይሰሙ ተረጋግተው ተቀምጠዋል። «እናንተ ምን ያስበረግጋችኋል?» ይላሉ። በኋላ ሳስበው፣ ያን ቀን መስማት አለመቻል ጸጋ ነበር።

በማግስቱ አመዱ ተገለጠ። እያንዳንዱ ተማሪ የሠራውን አወጣ፣ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ ታቀፈ፣ መታ። አንድ ጎረምሳ አጥር ላይ ሆኖ «ሸክላ እሹሩሩ ነው እንዴ የምትሉት?» ብሎ ቀለደ። የእህታቸው ልጅ እጇን አነሳች፦ ደህና። ሌላው አነሳ፦ ደህና። እጅ በእጅ ላይ ተነሳ፤ የሾፌሩ ሁለት እጅ ተነሳ፣ እንደተማረከ ወታደር። ከአሥራ ሁለቱ አንድም አልጎደለም።

ጋኑ ቀረ። ጭን ላይ አይቀመጥም፣ የሰው ቁመት ያህላል። እትዬ ባለጆሮ ሣር አስነጥፈው ጋኑን አቆሙትና ተቀመጡ፤ ሁለት ጉልበታቸውን ግራና ቀኝ አስጠግተው፣ ደረታቸውን ሆዱ ላይ ለጥፈው፣ እንደ ልጅ አቀፉት። በመዳፋቸው አንድ ጊዜ መቱት።

እኔ ሰማሁት። ግቢው ሁሉ ሰማው። እንደ ደወል ነው፤ ጠርቶ ወጣና ዞረ፣ ዞረና ዘገየ። እሳቸው አልሰሙትም፤ ድምፁ ካለቀ በኋላ ግን ገና አቅፈውት ነበር፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እኛ ጋ ያበቃው እሳቸው ጋ ገና እንዳላበቃ። ከዚያ ቀና አሉ።

«እናቴ ናት!» አሉ። «እናቴ የሠራችውን ይመስላል!»

የእልልታው ነገር አይወራም። ኃላፊው መሐረቡን አውጥቶ ዓይኑን ጠረገና ለአለቆቹ ሊደውል ሮጠ። ሲመለስ ክፍሉ የሸክላ ሆኖ እንዲቀጥል፣ በመጪው ዓመትም ሃያ ተማሪ እንዲመዘገብ ተፈቅዷል። በአስተማሪነት የሚረዷቸውም የእህታቸው ልጅና ሾፌሩ ናቸው።

«እትዬ፣ እነዚህን የብረት ጠረጴዛዎች ግን ምን ላድርጋቸው?» አለ ኃላፊው ጆሮአቸው ላይ እየጮኸ።

ሾፌሩ ቀደማቸው። «ለስልክ ጠጋኞቹ ስጣቸው! ክብር ይገባቸዋል!»

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት መስኮቴ ላይ መጡ። እጃቸው እስከ ክርናቸው ጭቃ ነው። በጀርባቸው አንድ እንስራ አዝለዋል፤ አወረዱና መስኮቴ ሥር አስቀመጡት። የአዛውንቱ ነው። ታጥቦ፣ አፉ በአዲስ ገመድ ታስሮ።

«አንቺ ባለመጽሐፍ» አሉኝ፣ «አንድ ነገር ልለምንሽ።»

«ይዘዙኝ» አልኩ በእጄ ጭምር።

«እኚያ ሰውዬ የት እንደሚወርዱ ትኬቱን የቆረጥሽው አንቺ ነሽ፣ ታውቂያለሽ።»

ራሴን ነቀነቅሁ። መጨረሻው ፌርማታ ነው።

«ደህና እንስራቸውን ነው የወሰድኩባቸው። የኔን ደግሞ ጭኔ ላይ ሳላደርጋት፣ በዚያ በከዳኝ ጆሮ አምኜ ነው የሰጠኋቸው። ታፍስስባቸው አታፍስስባቸው አላውቅም። ለአሥር ተማሪ ይቅር በሉኝ ብዬ ለእኚያ ሰውዬ ዝም ብል ሥራዬ ሁሉ የተንጋደደ ይሆንብኛል።» እንስራውን መታ መታ አደረጉት። «ሁለት ትኬት ቁረጪ፣ አንዱ ያንቺ ነው። የኔን እንስራ እኔ ታቅፌ እፈትሻለሁ፤ ለሱ ጉልበቴ አለ። ሰውዬው የሚናገሩትን ግን ጉልበቴ አይሰማልኝም። እሱን አንቺ ስሚልኝ። ቢመርቁኝም ቢሰድቡኝም ሳትቀንሺ ንገሪኝ፣ እሺ?»